ጥበብ ቀሚሴን ለብሼ ሕንድ ሠርግ ልሂድ?

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፤

በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን የምከታተል ኢትዮጵያዊት ነኝ። ለሁለት ዓመት በአንድ መኝታ ክፍል አብራኝ የኖረች ጓደኛዬ በኅዳር ወር መጨረሻ በትውልድ ከተማዋ በጃይፑር ትዳራለች። በጥሪ ወረቀቱ ላይ ሜህንዲ፣ ሃልዲ፣ ሳንጊት፣ ሥርዓተ ጋብቻ እና የእራት ግብዣ የሚሉ አምስት ዝግጅቶች ተዘርዝረዋል። እናቴ «አገርሽን አስተዋውቂበት» ብላ ነጭ ጥበብ ቀሚስ ከነነጠላው ከአዲስ አበባ ልካልኛለች። እዚህ ያለች የአገሬ ልጅ ደግሞ ነጩ እንደማያዋጣ፣ ሳሪ ብለብስም በሰው ባህል ማላገጥ እንደሚሆንብኝ ትነግረኛለች። ሙሽራዋን ስጠይቃት «ደስ ያለሽን ልበሺ» ከማለት በቀር መልስ የላትም። ሊጠይቀኝ የሚመጣው ወንድሜም አብሮኝ ስለሚታደም ለእሱስ ሱፍ ይበቃው እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ግራ የገባኝ፣ ከዴልሂ

ውድ እኅቴ፤

«ደስ ያለሽን ልበሺ» የሚለው ቃል ጓደኛሽ ምን ያህል እንደምትወድሽ ከመግለጽ ያለፈ ነገር አይነግርሽም፤ ሠርጉን የሚያዩት ደግሞ እናትና አባቷ፣ አክስቶቿና አያቶቿ ጭምር ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የቀለሙን ነገር እናንሣ። በሰሜን ሕንድ ሂንዱዎች ዘንድ ነጭ የኀዘን ልብስ ነው፤ ለቀስተኛ ነጭ ለብሶ ይወጣል፣ በቀደመው ልማድም ባሏ የሞተባት ሴት ቀለም ያለው ልብስ ትታ ነጭ ትለብስ ነበር። እኛ በጥምቀትና በፋሲካ ነጭ የምንለብሰው ደስ ብሎን መሆኑን የጃይፑር አያት ከየት ታውቃለች? እንግዳ ነሽና ማንም አይቆጣሽም፤ ነገር ግን ይቅርታ የሚያስፈልገው ልብስ ለብሶ ደስታ ቤት መግባት ለምን ያስፈልጋል? ሠርጉ በደቡብ ጫፍ በኬረላ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ይለወጥ ነበር። የዚያ አገር ሴቶች በክብር በዓል ቀን ካሳቩ የሚባለውን፣ ጠርዙ በወርቅማ ጥለት ያጌጠ ነጣ ያለ ሳሪ ይለብሳሉ፤ ከሩቅ ላየው ሰው ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ይመስላል። በጃይፑር ግን ነጩንም፣ ሽማግሎች ለሠርግ የማይወዱትን ጥቁርንም ተዪ፤ በወርቅ የተጠለፈውን ደማቅ ቀይ ደግሞ ለሙሽራዋ ተዪላት።

የአገርሽ ልጅ ስለ ማላገጥ የነገረችሽን ግን አልቀበልም። እንግዳ ሳሪ ለብሳ ስትመጣ ቤተሰቡ የሚያየው ልታከብረው መድከሟን ነው፤ አክስቶቹም እጥፋቱን ሊያስተካክሉልሽ፣ በመርፌ ቁልፍ ሊያያይዙልሽ ይሽቀዳደማሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌላ ነገር ነው፤ በፀጉር ክፍያ ላይ የሚቀባው ሲንዱር የተባለው ቀይ ዱቄትና ማንጋልሱትራ የተባለው የአንገት ሐብል የባለትዳር ሴት ምልክቶች ስለሆኑ ለጌጥ ብለሽ አታድርጊያቸው። በግንባር ላይ የሚደረገው ቢንዲ ግን አያስነውርም።

ሳሪ ብዙውን ጊዜ 5 ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን አንድ ወጥ ጨርቅ ነው፤ ጸንቶ የሚቆመውም ከሥር በሚታሰረው የውስጥ ጉርድ ላይ ተሸጉጦ ነው። እኔ ከዓመታት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ የጉርዱን ገመድ አላልቼ አስሬ፣ ጭፈራው ሲሞቅ እጥፋቱ በሙሉ ወርዶ በአንዲት የማላውቃት ሴት ሻሽ ተከልዬ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ቀድመሽ ካልተለማመድሽው ሌሄንጋ ማለትም ጉርድ፣ አጭር ሸሚዝና ሻሽ ያለውን ልብስ፣ ወይም አናርካሊ የተባለውን ሰፊ ቀሚስ ምረጪ። ጃይፑር ያለችበት የራጃስታን ግዛት ጨርቁ በክር እየተቋጠረ የሚነከርበት የባንዳኒ ሥራ አገር ስለሆነች፣ ሻሹ ባንዳኒ ቢሆን ለቤተሰቡ ልዩ ደስታ ነው።

ሜህንዲ ከእኛ እንሶስላ ጋር የሚቀራረብ የሂና ቀን ስለሆነ እጅጌው አጭር ልብስ ይበቃሻል። በሃልዲ ቀን የሚቀባው እርድ ነው፤ እርድ ከልብስ እንደማይለቅ ከወጥ ቤት ታውቂያለሽና ርካሽ ቢጫ ልብስ ልበሺ። ሌሄንጋው ለሳንጊት የጭፈራ ምሽት ይሁን። ጋብቻው ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ በእሳት ዙሪያ የሚፈጸም ሲሆን ሥርዓቱ ወደሚካሄድበት ዳስ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ በዚያ ወቅት የጃይፑር ሌሊት ስለሚበርድ ወፍራም ጋቢ ብትይዢ አይቆጭሽም።

ወንድምሽ ለእራቱ ሱፉን ይልበስ፤ ለሥርዓቱ ግን ኩርታ የተባለው ረጅም ሸሚዝና አንገቱ የተዘጋ ጃኬት ይሻለዋል። ሼርዋኒ የተባለው ረጅም ኮት የሙሽራው ስለሆነ ይተወው፤ ባለቤቶቹ ጥምጥም ሊያስሩለት ቢመጡ ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቀበል።

የእናትሽ ቀሚስስ? የእራቱ ግብዣ ቦታው ነው፤ ከሌላው ዝግጅት ይልቅ ልብሱ ነጻ ነውና። ጥለቱ ሰፊና ደማቅ ከሆነ፣ ነጠላውን በባለ ቀለም ሻሽ ለውጠሽ ልትለብሺው ትችያለሽ። ከዚያ በፊት ግን ፎቶውን ለሙሽራዋ ሳይሆን ለእናቷ ላኪና «ይህን ብለብስ ምን ይመስልዎታል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሷ ዘገም ያለ ከሆነ፣ እናትሽ ባለ ቀለም እንድትልክልሽ ገና ጊዜ አለሽ። ሳሪ ከመረጥሽ ግን አብሮት የሚለበሰውን አጭር ሸሚዝ ለማሰፋት አትዘግዪ፤ በሠርግ ወቅት የዴልሂ ልብስ ሰፊዎች ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀጠሮ ያርቃሉ።