በጦርነቱ ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚከፍለው ማን ነው? የደሴና የኮምቦልቻ ጥያቄዎች

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ጠበቃ ነኝ፣ የምሠራውም ደሴ ነው። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ስለ ካሳ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ገንዘቡ እኔ ኪስ የለም፣ በዚህ ከወዲሁ እንተማመን።

ጥያቄ፦ ሱቄ ተዘርፏል። ቀበሌ ተመዝግቤ ዱቄትና ዘይት ተሰጠኝ። ካሳ ማለት እሱ ነው እንዴ?

አይደለም ወንድሜ። እሱ እርዳታ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 ላይ ሰው ሠራሽ አደጋ ሲደርስ መንግሥት ለተጎጂው በወቅቱ እንዲደርስለት ያዛል፣ ዱቄቱ የመጣው በዚያ በኩል ነው። ካሳ ግን «ተበድለሃል፣ ይሄን ያህል ጠፍቶብሃል» ብሎ ከማመን ይጀምራል። ስለዚህ ዘይት ስለወሰድክ መብትህ አልተነካም። ችግሩ መዝገቡ ነው። ለእህል ማደያ የተሠራ መዝገብ ስምና የቤተሰብ ብዛት ይይዛል እንጂ ምን እንደጠፋብህ አይናገርም።

ጥያቄ፦ የዓለም ባንክ የሰጠው 300 ሚሊዮን ዶላርስ?

በ2014 የጸደቀው ማለትህ ነው። እሱ ለአምስት ክልሎች ነው፤ ለተጎዱ አካባቢዎች መሠረታዊ አገልግሎትና መልሶ ግንባታ፣ ፆታዊ ጥቃት ለደረሰባቸውም ድጋፍ። ለግለሰብ የሚታደል ካሳ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለታጣቂው ኮሚሽን ተቋቋመለት። እኛስ የማን ልጆች ነን?

ንዴትህ ይገባኛል። የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ሥራው የቀድሞ ተዋጊዎችን ትጥቅ አስፈትቶ ወደ ሰላማዊ ኑሮ መመለስ ነው። ያ ሥራ መሠራት አለበት፤ ሥራ ያጣ ታጣቂ ነገ ተመልሶ ጫካ ነው። ለተጎጂው ደግሞ በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አለ። ክስ፣ እውነት ማፈላለግ፣ ቅድመ ሁኔታ ያለው ምሕረት፣ ማካካሻና የተቋማት ማሻሻያ ተደርድረውበታል። ግን ፖሊሲ ይዘህ ፍርድ ቤት ሄደህ «ክፈሉኝ» ማለት አትችልም። ሕግ፣ በጀትና መዝገብ ይፈልጋል።

ለእኔ ሌላ ኮሚሽን አያስፈልግም። አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ ማኅተም... አውቀነዋል። ቀበሌው፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ፣ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራሩ፣ ፍትሕ ቢሮው ሁሉም አሉ። ለእነሱ የሠለጠነ ሰውና አንድ የጋራ መዝገብ ይሰጣቸው። ተጎጂው በየቢሮው ያንኑ ታሪክ እየደገመ ከሚንከራተት አንዴ ተናግሮ ይገላገል።

ጥያቄ፦ ደረሰኙም ንግድ ፈቃዱም ከዕቃው ጋር ጠፋ። በምን ላስረዳ?

በሌላ በኩል ፈልጊው እህቴ። ግብር ትከፍዪ ከነበረ ገቢዎች ፋይል አለሽ። ባንክሽ የሒሳብ መግለጫ ያወጣልሻል። ዕቃ ያመጣልሽ የነበረው ጅምላ ነጋዴ ደብተሩ ላይ ስምሽ ይኖራል። ልጆችሽ ሱቁ ውስጥ የተነሱት ፎቶም ማስረጃ ነው፣ ከኋላ የተደረደረው ዕቃ ይታያል። ከዚያ የቅሬው (የእድሩ) ሰዎች አሉ፤ ማን ምን እንደነበረው ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ሰው ሳይርቅና ሳይሞት የምስክርነት ቃላቸውን በጽሑፍ አስፈርሚ። ዕቃውን በዓይነት፣ በብዛትና በጊዜው ዋጋ ዘርዝሪ። ዋጋውን አታጋንኚ፣ አንድ ውሸት ሲገኝ እውነቱም አብሮ ይወድቃል። አንዱን ቅጂ ዘመድ ቤት አስቀምጪ።

አንድ የጋራ መዝገብ ያልኩት በሌላ አገር ተሠርቷል። ኮሎምቢያ ለጦርነቷ ሰለባዎች በፈረንጆቹ 2011 የተጎጂዎች ሕግ አውጥታ አንድ ብሔራዊ መዝገብ ይዛለች፤ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል። ክፍያው ዘገምተኛ ነው፣ ብዙዎች ዛሬም ይጠብቃሉ። ቢሆንም ስማቸው አለ።

ጥያቄ፦ ያኔ የደረሰብኝን ለማንም አልተናገርኩም። ሴት ነኝ። አሁን ዋጋ አለው?

አለው እህቴ። ከሕክምናና ከምክር አገልግሎት ጀምሪ፤ ክሱን አንቺ ስትፈልጊ ነው፣ ማንም አያስገድድሽም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 «በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀል» የሚባለው ከባድ ወንጀል (ዘር ማጥፋት፣ ማሰቃየትና የመሳሰሉት) በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አለፈ ተብሎ፣ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላል። ያንቺ ጉዳይ በዚያ ይሸፈን እንደሆነ በግል ከሕግ ባለሙያ ጋር እዪው። ሰው በተሰበሰበበት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ግን አትናገሪ። በር የሚዘጋ ክፍልና ሴት ሠራተኛ ጠይቂ። ተቋም ይጠንከር ስንል ከዚህች ክፍል ብንጀምር ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ከቆቦ በኩል ተፈናቅዬ ነው የመጣሁት። እኔንም ይመለከታል?

አዎ። ኢትዮጵያ በ2012 ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት (የአፍሪካ ኅብረት ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች ያወጣው) ለተፈናቃይ ፍትሐዊ ካሳ የሚሰጥ ሥርዓት እንዲኖር ያስገድዳል። የተፈናቀልክበትንም፣ አሁን ያለህበትንም ቀበሌ ሰነድ አሟላ።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገረን፣ ይከፈላል?

በቅርቡ አይመስለኝም። የኢትዮ ኤርትራን የካሳ ኮሚሽን አስታውሱ። በነሐሴ 2001 ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ተጎጂው ጋ የደረሰ ሳንቲም የለም። ማን ከየት እንደሚከፍል ሳይቆረጥ ፍርድ ብቻውን ወረቀት ነው። ስለዚህ ከዓመታዊ በጀት የሚመደብ ፈንድ መቅደም አለበት፣ ትንሽም ቢሆን። አካሉ የጎደለ፣ አሳዳጊ ያጣ ልጅና ፆታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ይቅደሙ። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ኪሳራ ቀላል ባይሆንም ባለሀብት ባንክና ጠበቃ አለው፣ ይጠብቅ። እዚህ ላይ የማትስማሙ ትኖራላችሁ፣ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው «ካሳህን አስወጣልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ጠይቆኛል። ልክፈለው? 71 ዓመቴ ነው።

አይክፈሉት አባባ! ካሳ ለመመዝገብ ገንዘብ አይከፈልም። የመታወቂያዎን ዋናውንም አይስጡት። ሰጥተውት ከሆነ ነገ ጠዋት ቀበሌና ፖሊስ ያመልክቱ፣ ያመለከቱበትንም ቁጥር ይቀበሉ።