ጋራዡን ከማስቆረጥህ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው። አንድ ወንድማችን ፎቅ የሌለው፣ ዙሪያውን ጡብ የለበሰ ቤት ገዝቷል። ከመሬት በታች የተሠራ ክፍል (ቤዝመንት) የለውም። ባለቤቱ፣ ሁለት ልጆቹና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቱ አብረውት ይኖራሉ። አንድ ሻጭ መጥቶ የጋራዡን ወለል ቆርጦ ከስሩ ከቶርኔዶ (ከሚሽከረከረው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) የሚያስጥል የብረት መጠለያ ሊቀብርለት ዋጋ ነግሮታል። «ልፈርም ወይስ ገንዘቡን ቤቱን ለማጠንከር ላውለው? ደግሞስ የጡብ ቤት አይደል፣ ቶርኔዶ ምን ያደርገዋል?» ይላል።

ወንድሜ፣ እስካሁን ካልፈረምክ ትንሽ ቆይ። ዛሬ ማታ መኪናውን አውጣና የጋራዡን ወለል በባትሪ እያበራህ ተመልከት። ኮንክሪቱ ላይ በእንግሊዝኛ የታተመ ጽሑፍ ልታገኝ ትችላለህ፤ ወለሉ ፖስት ቴንሽን ነው፣ አትቁረጥ፣ አትብሳ የሚል። ካጣኸው ውጣና ከጡቡ በታች ያለውን የመሠረት ጠርዝ ዙረው። በየተወሰነ ርቀት ክብ፣ በሲሚንቶ የተደፈነ ምልክት ካየህ ያው ነው።

ምን መሰለህ፣ የዳላስ አካባቢ አፈር ከኛው መረሬ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ወለሉ አብሮ እንዳይሰነጠቅ ብዙ ቤት ሠሪዎች በኮንክሪቱ ውስጥ የብረት ገመድ ያሳልፉና ኮንክሪቱ ሲጠነክር ይወጥሩታል። ፖስት ቴንሽን የሚሉት ይህን ነው። አንዱ ገመድ የተወጠረበት ጉልበት ወደ 30,000 ፓውንድ ይጠጋል። በመጋዝ ከቆረጥከው ኮንክሪቱን ፈንቅሎ ሊወጣ ይችላል፤ አጠገቡ ያለን ሰው ሊገድል ይችላል። ማንም ባይጎዳ እንኳን ወለልህ እዚያ ጋ ጉልበቱን አጣ ማለት ነው። ሻጩ ስለዚህ ነገር አንድም ጥያቄ ካልጠየቀህ እኔ በበኩሌ ሰውየውን አላመንኩትም።

ስለዚህ ወለልህ ፖስት ቴንሽን ከሆነ፣ ያለ መሐንዲስ ፊርማ አይቆረጥም። የኔ ምክር ከወለል በላይ የሚቆም የብረት መጠለያ ነው። እሱም ቢሆን በቡሎን ወለሉ ላይ ስለሚታሰር መበሳቱ አይቀርም፤ ግን መጀመሪያ ገመዶቹ የት እንዳሉ በስካነር ተፈልጎ፣ ምልክት ተደርጎ፣ በመካከላቸው ነው ትራፓኖው የሚገባው። አምራቹም በእንዲህ ያለ ወለል ላይ መታሰሩን የሚፈቅድ መሆኑን በጽሑፍ ይስጥህ። ለአማትህም የሚሻለው ይኸው ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ ሌሊት ተቀስቅሰው በጠባብ መሰላል ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳሉ ብለህ ነው?

መሬት ውስጥ ካልሆነ አያድንም የሚሉህን አትስማ። አይሲሲ 500 በሚባለው የአሜሪካ የማዕበል መጠለያ ደረጃ የተሠራ መጠለያ ከመሬት በላይም ሆነ በታች በሰዓት 250 ማይል ነፋስን እንዲችል ነው የሚነደፈው። ትልቁ የቶርኔዶ ደረጃ፣ ኢኤፍ 5፣ የሚጀምረው ከ200 በላይ ነው። ሙከራው ደግሞ ቀልድ የለውም። 15 ፓውንድ የሚመዝን ቱ ባይ ፎር (ለቤት ግድግዳ የሚውል) እንጨት በአየር መድፍ በ100 ማይል ፍጥነት ግድግዳውና በሩ ላይ ይተኮሳል። በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቶርኔዶ 26 ሰው በገደለባት በቴክሳሷ ሉበክ ከተማ ያለው ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሲሠራ ኖሯል።

ያው እንጨት የጡብ ቤትን ግድግዳ ሲመታ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? በስቶት ወደ ውስጥ ይገባል። አገር ቤት ጡብ ስንል ግድግዳው ራሱ ጡብ ነው። እዚህ ግን ቤትህ የእንጨት ቤት ነው። ጡቡ አንድ ረድፍ ልብስ ነው፤ በቀጫጭን ቆርቆሮ ከእንጨቱ ጋር ተያይዞ የቆመ። ከኋላው ክፍተት፣ ከዚያ ስስ ቦርድ፣ ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ ጂፕሰም። ጣሪያውን የተሸከመው ያ እንጨት ነው። ነፋሱ ሲበረታ ጡቡ ተገንጥሎ እንደ ግንብ አጥር ግቢው ላይ ይወድቃል። እና እባክህ ጡቡን ቆጥረህ አትተኛ።

ቤቱን ማጠንከር ዋጋ የለውም እያልኩህ ግን አይደለም። አብዛኛው ቶርኔዶ ዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች፣ ኢኤፍ 0 ወይም ኢኤፍ 1 ነው፣ ከ110 ማይል አያልፍም። ትልቁም ቢሆን ዳር ዳሩ እንደ መሐሉ አይከፋም። እዚያ ላይ ጥሩ የታሰረ ቤት ይቆማል። መጀመሪያ የሚታየው የጋራዥ በር ነው። የሁለት መኪና በር 16 በ7 ጫማ ነው እንበል፤ በ100 ማይል ነፋስ ፊቱ ላይ ወደ 2,800 ፓውንድ ግፊት ያርፍበታል። በ200 ማይል ሁለት እጥፍ እንዳይመስልህ፣ አራት እጥፍ ነው። በሩ አንዴ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ነፋሱ ገብቶ ጣሪያውን ከስር ይገፋል፣ ከላይ ያለው ደግሞ ይስበዋል። ጣሪያ የሚሄደው እንዲህ ነው። የኦክላሆማዋ ሙር ከተማ በ1999 እና በ2013 ከተመታች በኋላ፣ በ2014 የግንባታ ሕጓን ቀይራ አዲስ ቤት ከነጋራዥ በሩ 135 ማይል እንዲችል አዛለች። አንተም በሩን ስትቀይር ለነፋስ የተፈተነ በር ብለህ ጠይቅ።

ሁለተኛው ከኮርኒሱ በላይ ነው ያለው። የጣሪያው እንጨት ግድግዳው አናት ላይ የሚያርፍበትን ቦታ እይ። በብዙ አሮጌ ቤት አግድም የተመቱ ሁለት ሦስት ምስማሮች ብቻ ናቸው የያዙት። በያንዳንዱ ላይ ሃሪኬን ክሊፕ የሚባለው የብረት ማያያዣ ይመታበት። ብረቱ ርካሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው ጠርዙ ጋ ተጋድሞ መሥራቱ ነው፣ በነሐሴማ እዚያ ላይ ማን ይወጣልሃል! የሚሻለው ኢንሹራንስህ በበረዶ ምክንያት ጣሪያ ሲቀይርልህ (ጋርላንድ ከኖርክ አይቀርልህም) ከውጭ በኩል ማስገባት ነው። የዚያኑ ቀን የጣሪያውን ቦርድ አካሉ ቀለበት ቀለበት በሆነ ምስማር አስመታው፣ አይነቀልም። የግድግዳው እግር ከመሠረቱ ጋር በቡሎን መታሰሩንም አንድ ባለሙያ ይይልህ፤ ላዩን አስረህ ታቹን ከለቀቅከው የሚነቀለው ቦታ ወረደ እንጂ አልቀረም።

ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ መጠለያው ይቅደም። ቤት በኢንሹራንስ ይሠራል።

ስትገዛ «ፌማ ያጸደቀው» የሚልህን ሻጭ ጠርጥር። ፌማ፣ የአሜሪካ መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ መመሪያ ያወጣል እንጂ የማንንም ምርት አያጸድቅም። የመጠለያ አምራቾችን ማኅበር፣ የናሽናል ስቶርም ሼልተር አሶሲዬሽንን ማኅተም ጠይቅ፣ በሩም ከነፍሬሙና ከነመወርወሪያው አብሮ የተፈተነበትን ወረቀት ይስጥህ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደካማው በሩ ነው። የከተማውን ፐርሚት አትዝለል። ከመክፈልህ በፊት የአማትህን ወንበር ጨምረህ አምስታችሁም ትገቡ እንደሆነ በሜትር ለካ።

እስከዚያው ድረስ ከውጭ ግድግዳ የራቀ፣ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ወይም ክሎዜት (ልብስ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል) ምረጡ። የልጆቹ የብስክሌት ሄልሜትና የሁላችሁም ጫማ እዚያው ይቀመጥ። ግፊቱ እንዲመጣጠን መስኮት ክፈቱ የሚለው ወሬ ነው፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ። መኪና ውስጥ ገብታችሁ ለማምለጥም አትሞክሩ። በዲሴምበር 26፣ 2015 እዚያው ጋርላንድ ላይ በኢኤፍ 4 ቶርኔዶ ከሞቱት አብዛኞቹ መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ከተማው የሚያስጮኸውን የማስጠንቀቂያ ሳይረን ደግሞ አትተማመንበት፣ የተተከለው ውጭ ላለ ሰው ነው። ባትሪ ያለው ዌዘር ሬዲዮ (የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ የሚጮህ) ግዛና መኝታ ቤትህ አስቀምጠው፤ ስልክህን ሌሊት ድምፁን የምታጠፋ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ግዛ።