ኬታሚን፣ ታዮፔንታል ወይስ ፕሮፖፎል? ለአዲሷ የሰመመን ባለሙያ

እህቴ፣ እንኳን ለመጀመሪያ ምደባሽ አበቃሽ። «በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ብቻዬን ልሠራ ነው፤ ሕመምተኛን ለማስተኛት ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?» ብለሻል። ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኬታሚንን አስቀድሚ እላለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንጀታቸው የተጠማዘዘ አንድ አባት በሌሊት መጡ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ እንኳ አልረጋላቸውም። ደም ሥር ስፈልግ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ቀዝቅዞ አገኘሁት። የላይኛው የደም ግፊታቸው 100 ስለነበር ግን ልቤ ረጋ፤ ታዮፔንታሉን ለጤነኛ ሰው በሚሰጠው ልክ፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም ሰጠኋቸው። የመተንፈሻ ቱቦውን አስገብቼ የእጅ አንጓቸውን ስይዝ ትርታው የለም። በአድሬናሊንና በብዙ ፈሳሽ ተመለሱ፤ ከቀናት በኋላም በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቅዝቃዜው ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

ፈሳሽ ያለቀበት ሰው ግፊቱን ይዞ የሚቆየው ደም ሥሮቹን አጥብቦ ነው። ታዮፔንታልም ፕሮፖፎልም ያንን ይፈቱበታል። በዚያ ላይ የደም ዝውውሩ ስለሚዘገይ መድኃኒቱ አንጎል ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ «ገና አልተኛም» ብለሽ ከጨመርሽ ሁለተኛው መጠን በመጀመሪያው ላይ ይደረባል። ቀንሺ፣ ቀስ በይ፣ ጠብቂ።

ኬታሚን ግን ልብን ያነቃቃል፣ ግፊትን ይደግፋል፣ ቀስ ተብሎ ከተሰጠ ትንፋሽንም አብዛኛውን ጊዜ አያቋርጥም። ለአስም ሕመምተኛም ደግ ነው። «የድሃ አገር መድኃኒት» ሲሉት ያናድደኛል። በደም ሥር በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ይበቃል፤ እጅግ ለተዳከመ ሰው ግማሹን ስጪ፤ አቅሙ ተሟጦ ያለቀ ሰው በኬታሚንም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ምራቅ ያበዛል፤ ምራቅ የሚቀንሰው አትሮፒን አጠገብሽ ይኑር። ሲነቁ የሚያስፈራ ሕልም ሊያዩ ስለሚችሉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ትንሽ ዲያዜፓም (ማረጋጊያ መድኃኒት) ይረዳል፤ የማገገሚያው ክፍል ጸጥ ይበል። በእርግዝና ምክንያት ግፊቷ በጣም ለጨመረ እናት ግን አትምረጪው።

ፕሮፖፎል ቀጠሮ ተይዞለት ለሚመጣ ጤነኛ ሰው ግሩም ነው፤ አነቃቁ የጠራ፣ ማስታወኩም ትንሽ ነው። ሲገባ ስለሚያቃጥል ትልቅ ደም ሥር ምረጪ። ቅባትነት ስላለው ተዋሲያን ቶሎ ይራቡበታል፤ «ውድ ነው» ቢሉሽም የተከፈተውን ብልቃጥ ለነገ አታሳድሪ። ታዮፔንታልን ከመስጠትሽ በፊት ደግሞ ፈሳሹ በደም ሥሩ በትክክል መፍሰሱን አረጋግጪ፤ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያበላሻል፣ ደም ቅዳ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጣት እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ሆስፒታሉ ስትደርሺ መጀመሪያ ከጉሮሮ ምራቅና ትውከት የሚመጥጠውን ማሽን እይ። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል በእግር የሚረገጥ ከሌለ፣ ሥራ ሳትጀምሪ ጠይቂ።