ቅስትና ጎባጣ እንጨት በራውተር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከጎጃም አናጺዎች የደረሱን ናቸው። ቦታቸው ይለያይ እንጂ የሁሉም ችግር አንድ ነው፦ ጎባጣ ነገር በእጅ ሲመራ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። መፍትሔው ራውተሩን (በሚሽከረከር ምላጭ እንጨት የሚቀርጸውን የእጅ ማሽን) የሚመራ ፎርማ፣ ማለትም ቅርጹ የሚቀዳበት ናሙና፣ ወይም በአንድ መሃል ዙሪያ የሚዞር ክንድ ሠርቶ ድካሙን ሁሉ እዚያ ላይ ማፍሰስ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በርና መስኮት እሠራለሁ። ቅስቱን በጂግሶ (ጎባጣ በሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ቆርጬ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላለሁ፤ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ሲቆም ግን ቅስቶቹ አይመሳሰሉም። ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ የቅስቱ ከፍታ 16 ሳንቲ ሜትር ነው። ራውተር አለኝ፤ እንዴት ልሥራው?

መልስ፦ መጀመሪያ ክቡ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ምን ያህል እንደሆነ ያስሉ። የስፋቱን ግማሽ በራሱ ያባዙት፤ ለከፍታው እጥፍ ያካፍሉት፤ በመጨረሻ የከፍታውን ግማሽ ይደምሩበት። በእርስዎ መስኮት 40 በ40 ሲባዛ 1600፣ ለ32 ሲካፈል 50፣ 8 ሲደመር 58 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የቅስቱ የውጭ ጠርዝ ራዲየስ 58 ነው ማለት ነው። የቅስቱ እንጨት 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው የውስጡ ጠርዝ 50 ይሆናል።

ክንዱን ከ9 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ (ስስ እንጨቶች ተነባብረው የተጣበቁበት ሰሌዳ)፣ 18 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይቁረጡ። የራውተሩን የፕላስቲክ መቀመጫ ፈትተው በአንደኛው ጫፍ ላይ ያስቀምጡትና የብሎኖቹን ቀዳዳ በእሱ ያመልክቱ። ለምላጩ 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይክፈቱ። የብሎኖቹ ራስ ከክንዱ በታች በኩል ወደ ውስጥ መስጠም አለበት፤ ትንሽ ብቅ ካለ እንጨቱን ይጭረዋል። ወፍራም ኮምፔርሳቶ አይምረጡ፤ ክንዱ በወፈረ ቁጥር ምላጩ ወደ እንጨቱ የሚወርድበትን ጥልቀት ይበላል። ቀጭኑ ደግሞ መሃሉ ላይ ይረግባል፤ ስለዚህ በላይ በኩል 2 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት በቁሙ በኮላ ይለጥፉበት።

የሚዞርበት መሃል 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ይሁን፤ ቀዳዳውም በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ በቀጥታ የተበሳ። ሚስማር አይጠቀሙ። በቀዳዳው ውስጥ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልቅነት ካለ በእያንዳንዱ ዙር ምላጩ ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ጠርዙም ደረጃ ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኬቱ ላይ ነው። የውጭውን ጠርዝ ሲቆርጡ የሚፈለገው እንጨት ከምላጩ ወደ ውስጥ በኩል ስለሚቀር፣ 58ቱ የሚለካው ከብሎኑ መሃል እስከ ቅርቡ የምላጭ ስለት ነው። የውስጡን ጠርዝ ሲቆርጡ የሚፈለገው እንጨት ከምላጩ ውጭ ነው፤ 50ው እስከ ሩቁ ስለት ይለካል። በ12 ሚሊ ሜትር ምላጭ ሁለቱ የመሃል ቀዳዳዎች ከምላጩ መሃል 58.6 እና 49.4 ሳንቲ ሜትር ይርቃሉ። ሁለቱንም በአንድ ክንድ ላይ ይብሱና «ውጭ» እና «ውስጥ» ብለው ይጻፉባቸው።

ቅስቱን ከአንድ ሰፊ ጣውላ አያውጡ። ወደ 22 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጣውላ ከመጠየቁም በላይ፣ ጫፎቹ አካባቢ የእንጨቱ ክር ጠርዙን አግድም ያቋርጠዋል፤ ቅስቱም እዚያ ላይ ይሰበራል። ሦስት ቁራጭ ይሁን። እያንዳንዱ 11 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ረጅሙ ጎኑ 30.5 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለቱም ጫፎቹ በ14.5 ዲግሪ የተቆረጡ። ከቋሚዎቹ ጋር የሚገናኙትን ሁለት ጫፎች ግን 4 ሳንቲ ሜትር አስረዝመው ይተዉአቸውና ሲገጥሙ ይቁረጧቸው። መጋጠሚያዎቹን በኮላና በሁለት በሁለት የ8 ሚሊ ሜትር ክብ የእንጨት ሚስማር ያያይዙ። ሚስማሮቹ ከመጨረሻው ጠርዝ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ይግቡ፤ ካልሆነ ራውተሩ ሲያልፍ ጠርዙ ላይ ብቅ ይላሉ፣ ቀለምም አይሸፍናቸውም።

ኮላው ከደረቀ በኋላ ቅስቱን 100 በ75 ሳንቲ ሜትር በሆነ የ18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ የተጨመቀ ሰሌዳ) ላይ፣ ተቆርጦ በሚወድቀው ክፍል በኩል በብሎን ይሰሩት። መሃሉም እዚሁ ቺፑድ ላይ ይተከላል። ዋንዛ ላይ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ይውረዱ። እንጨትዎ 4.5 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ እስከ ታች በክንዱ መሄድ አያስፈልግም። በሦስት ዙር 15 ሚሊ ሜትር ቦይ ያውጡ፤ ከዚያ ፈትተው ትርፉን ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ርቀው በጂግሶ ይቁረጡ። እንጨቱን ገልብጠው ጫፉ ላይ ኩሽኔታ (በነጻ የሚዞር ትንሽ ቀለበት) ባለው ምላጭ ይጨርሱት፤ ኩሽኔታው አሁን ባወጡት 15 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ላይ ይሄዳል። የዚህ ምላጭ ስለት ከ30 ሚሊ ሜትር ማጠር የለበትም።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነው። ለአንድ ምግብ ቤት የወንበር የኋላ እግር አንድ ዓይነት አድርጌ 24 ማውጣት አለብኝ። ፎርማውን ከኮምፔርሳቶ ሠራሁ፤ እግሮቹ ላይ ግን በየቦታው ጉድፍና ጉብታ ይወጣል።

መልስ፦ ጉብታው ከፎርማው የመጣ ነው። ኩሽኔታ የነካውን ሁሉ ይቀዳል። ርካሽ ኮምፔርሳቶ በንብርብሮቹ መካከል ክፍተት አለው፤ ኩሽኔታው እዚያ ሲደርስ ይገባል። 12 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከላመ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ይሻላል። ኮምፔርሳቶውን መተው ካልቻሉ ክፍተቶቹን በስቱኮ ሞልተው ሲደርቅ ያለስልሱ።

መስመሩን በእጅ አይሳሉ። 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ክሩ ቀጥ ያለ የዋንዛ ዘንግ ይሰንጥቁ፤ በሦስት ወይም በአራት ሚስማር አጥፈው ያስደግፉትና በጠርዙ ይሳሉ። እንጨት ሲታጠፍ በራሱ ለስላሳ መስመር ይሰጣል። ከዚያ ከመስመሩ ውጭ ቆርጠው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ተጣጣፊ እንጨት ላይ 100 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለጥፈው ያስተካክሉ። በጣት የተያዘ ወረቀት ጉድጓዱን ያጎደጉደዋል እንጂ አያስተካክለውም። ዓይንዎን ጨፍነው በአውራ ጣት ጠርዙን ይዳስሱ፤ ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል።

ፎርማው ከእግሩ በሁለቱም ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ይርዘም። ምላጩ እንጨቱን ከመንካቱ በፊት ኩሽኔታው ፎርማውን መደገፍ አለበት፤ ያለዚያ ሲገባና ሲወጣ ጫፉን ነክሶ ይወስደዋል። ጀርባውና አንዱ ጫፉ ላይ መደገፊያ እንጨት ይምቱበት፤ እያንዳንዱ እግር እዚያ ላይ ሲገፋ ያለ ልኬት ቦታውን ያገኛል። ማሰሪያ ብሎኖቹ ደግሞ በኋላ የአግዳሚው ቀዳዳ በሚቆፈርበት ቦታ ይግቡ፤ ምልክታቸው አብሮ ይጠፋል። ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ንጹሕና አቧራ የሌለው እንጨት ላይ ይይዛል፤ ለ24 እግር ግን ብሎን እንመርጣለን።

ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ አስተርፈው በጂግሶ ይቁረጡ። ከ3 በላይ ከተተወ ምላጩ ይይዛል፣ ይጎትታል። በየአምስት ስድስቱ እግር የኩሽኔታውን ብሎን ይፈትሹ፤ ዙሪያው ላይ ሙጫ ከደረቀበት ኩሽኔታው ይወፍራል፣ እግሩም በዚያው ልክ ይሰፋል። ፎርማውን በክረምት ግድግዳ ላይ አያስደግፉት፤ ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣመማል። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀብተው በጀርባው አስተኝተው ያኑሩት።

ጥያቄ፦ እኔ ሞጣ ነኝ። የወንበር መደገፊያ ሳወጣ እስከ መሃል ድረስ ያምራል፤ ከዚያ ወዲያ እንጨቱ ይቦጨቃል። ምላጬ አዲስ ነው።

መልስ፦ ምላጩ ጥፋት የለበትም፤ የእንጨቱ ክር ነው። ወደ ውጭ ባበጠ ጎን ከጫፉ ወደ ጉልላቱ ሲወጡ ስለቱ የክሮቹን ጫፍ ፊት ለፊት ያገኛል፤ ከሥራቸው ነቅሎ ይወስዳቸዋል። ከጉልላቱ ወደ ጫፍ ሲወርዱ ግን ክሮቹ ተደግፈው ይቆረጣሉ። ወደ ውስጥ የገባ ጎን ላይ ተቃራኒው ነው፦ ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሃሉ ጉድጓድ። ጎባጣ ነገር ሁሉ ስለዚህ አንዱ ግማሹ የሚስማማ፣ ሌላው የሚቃወም ነው።

ከዚህ ላይ «ታዲያ አቅጣጫዬን ልቀይር» ብለው ማሽኑን ወደ ኋላ አይጎትቱ። የራውተር ምላጭ ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ የውጭ ጠርዝ ላይ ማሽኑ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ፣ በቀዳዳ ወይም በክፈፍ ውስጥ ደግሞ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይሄዳል። በተቃራኒው ከሄዱ ስለቱ እንደ ጎማ ሲንከባለል ማሽኑ ከእጅዎ ያመልጣል።

መፍትሔው እንጨቱን መገልበጥ ነው። ኩሽኔታው ከላይም ከታችም ያለው ምላጭ ከተገኘ፣ የተስማማውን ግማሽ አንዱን ገጽ ወደ ላይ አድርገው ይቁረጡ፤ ከዚያ እንጨቱንና ፎርማውን ሳይፈቱ አንድ ላይ ገልብጠው፣ ምላጩን ፎርማው ባለበት በኩል ባለው ኩሽኔታ አስተካክለው ሌላውን ግማሽ ይጨርሱ። ባለ አንድ ኩሽኔታ ምላጭ ብቻ ካለዎት በሚቃወመው ግማሽ ላይ በጂግሶ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ድረስ ይቅረቡና የመጨረሻውን ዙር በጣም ስስ ያድርጉት። ባሕር ዛፍ ክሩ ስለሚጠላለፍ በሁለቱም አቅጣጫ ሊቦጨቅ ይችላል፤ ለጎባጣ ሥራ ዋንዛ ወይም ዝግባ ካለ ባሕር ዛፉን ለቀጥታው ክፍል ይተዉት።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ። ጥድ ስቆርጥ ይጨሳል፣ ጠርዙም ይጠቁራል።

መልስ፦ ወይ ስለቱ ደንዝዟል፣ ወይ ሙጫ ለብሷል፣ ወይ ቀስ ብለው እየሄዱ ነው። አንድ ቦታ ላይ መቆም ብቻውን ያቃጥላል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ምላጩን አውጥተው በነጭ ጋዝ ይጥረጉት፤ በደንብ ሳይደርቅ መልሰው አይሰሩት። ፍጥነቱ የሚስተካከል ከሆነ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ለሚሰፋ ምላጭ ከፍተኛው ፍጥነት ይሆናል፤ ከ50 በላይ ለሆነ ግን በደቂቃ ወደ 12,000 ዙር ይውረዱ። የምትጠቀሙበት የማራዘሚያ ሽቦ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ኃይሉ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይደክማል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይጠቀሙ፤ ጠቅልለው ሳይሆን ዘርግተው።

ጥያቄ፦ ቢቸና ያለሁ አናጺ ነኝ። የማሽኔ ኮሌት (የምላጩን ዘንግ የሚይዘው ክፍል) 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ገበያ ላይ ያገኘሁት ምላጭ ዘንጉ 6 ነው። አጥብቄ ባስረው ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ አይሞክሩት። በእጅ ሲታይ የያዘ ይመስላል፣ ሲሠራ ግን እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል ወይም ይወረወራል። 6 ሚሊ ሜትር ኮሌት ይግዙ። ልኩ የገጠመውንም ቢሆን እስከ መጨረሻው አይክተቱት፤ ከሥሩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መልሰው ያንሱትና ይሰሩት።

ጥያቄ፦ ኩሽኔታ ያለው ምላጭ ደጀን ውስጥ አጣሁ። በቀጥተኛ ምላጭ ፎርማ መከተል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በራውተሩ መቀመጫ ላይ የመሪ ቀለበት ይታሰራል። ከማሽኑ ጋር ካልመጣ ቶርኖ ቤት ከብረት ያስወጡት። ቀለበቱ ከምላጩ ስለሚሰፋ እንጨቱ ከፎርማው ጋር እኩል አይወጣም። ልዩነቱ የቀለበቱ የውጭ ስፋት ሲቀነስ የምላጩ ስፋት፣ ለሁለት ሲካፈል ነው፤ ቀለበቱ 16፣ ምላጩ 10 ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር። ለውጭ ጠርዝ ፎርማውን ዙሪያውን በ3 ሚሊ ሜትር ያሳንሱት፤ ለቀዳዳ በ3 ሚሊ ሜትር ያስፉት። የቀለበቱ ቁመት ከፎርማው ውፍረት ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ ከበለጠ እንጨቱን ይነካና ማሽኑ ያዘነብላል። ምላጩም በትክክል በቀለበቱ መሃል መሆኑን የመቀመጫውን ብሎኖች ከማጥበቅዎ በፊት ያረጋግጡ፤ መሃል ካልሆነ ማሽኑን እጅዎ ላይ ባዞሩት ቁጥር የመቁረጫው መስመር ይለዋወጣል። እስኪስተካከል ድረስ የማሽኑን አንድ እጀታ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ይያዙት።