የዶጅ ታሪክ እንጀራ ይሆናል?

ይድረስ ለታሪክ ተማሪዋ እህቴ፣

መመረቂያ ጽሑፍሽ የቬኒሱ ዶጅ ሊዮናርዶ ሎሬዳን ላይ ነው፤ ዶጅ ማለት የዛሬዋ የጣሊያን ከተማ ቬኒስ ሪፐብሊክ በነበረችበት ዘመን የነበራት ርዕሰ መንግሥት ነው። አባትሽ ደግሞ «የሞተ ፈረንጅ እንጀራ አይሆንም፤ አቋርጪና አካውንቲንግ ከአንደኛ ዓመት ጀምሪ» ብለውሻል። አንቺም «የንጉሥ ኑሮ ለየትኛው ቀጣሪ ይጠቅማል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ኧረ ሎሬዳን ንጉሥ አይደለም! እ.ኤ.አ. በ1501 የተመረጠው ዕጣና ድምፅ በሚፈራረቁበት ረጅም ሂደት ነው። በመጨረሻው ዙር ከ41 መራጮች ቢያንስ 25 ድምፅ ያስፈልጋል። የተመረጠው ሰው እስኪሞት ይሾማል፤ ግን «ፕሮሚሲዮኔ» በሚባል የመሐላ ሰነድ እጁን ያስሩታል። ከውጭ መንግሥት የመጣ ደብዳቤ አማካሪዎቹ በሌሉበት አይከፍትም። ያለ ፈቃድ ከከተማ አይወጣም። ቤሊኒ በሣለው ምስል ላይ ያንን ወርቃማ ካባና ቀንዳማ ቆብ አይተሽ ተታለልሽ መሰለኝ።

ደስ የሚለኝ ከሞት በኋላ ያለው ነው። ሦስት መርማሪዎች የሟቹን ዶጅ ሥራ ከመሐላው ጋር ያመሳክራሉ። ጉድለት ካገኙ ወራሾቹ ይከፍላሉ። ሎሬዳን እ.ኤ.አ. በ1521 ሲሞት የእሱም ቤተሰብ ተቀጥቷል። ሌሎች ሹማምንት ደግሞ ቀጣዩ ዶጅ ከመመረጡ በፊት መሐላውን ያርማሉ፤ ቀዳዳ የተገኘበት አንቀጽ ይደፈናል። ይሄ እኮ ኦዲት ነው! እኔም ታሪክ ተምሬ የምኖረው በውስጥ ኦዲት ነው፤ ሰነድ ከሰነድ ማመሳከር የለመደ ሰው ቢሮ ውስጥ ብርቅ ነው።

አባትሽ ተሳስተዋል። እንደገና ከአንደኛ ዓመት ስትጀምሪ ማን ይከፍላል? ታናናሾችሽ ገና ተማሪ ናቸው ብለሽ ራስሽ ጽፈሻል። ለአራት ዓመት ደመወዝ ሳይኖርሽ መቀመጥ ቤተሰቡን አይጠቅምም።

ስለዚህ በጽሑፍሽ ውስጥ ስለ ጦርነት ያለውን ምዕራፍ አሳጥሪና መሐላውና ምርመራው ላይ አተኩሪ። ጎን ለጎን አጭር የሂሳብ ሥልጠና ውሰጂ። «አካውንቲንግ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥምሽ እለፊው፤ የሰነድ አያያዝ፣ የቁጥጥርና የክትትል ክፍሎች ላይ አመልክቺ። በማመልከቻሽ «ስለ ዶጅ ጻፍኩ» አትበይ፤ ባለሥልጣን እንዴት ይመረመር እንደነበር አጠናሁ በይ።

ጣሊያን ሄዶ ማስተርስ መማሩን ያለ ስኮላርሺፕና ያለ ቋንቋው አትሞክሪው።

አማካሪ መምህርሽ የርዕስ ለውጥ እንዳይመስላቸው፣ ከመጻፍሽ በፊት አዲሱን የምዕራፍ ዝርዝር አሳዪያቸው።