ሁለቱም ማሽኖች ይሠራሉ፤ ሎድ ባላንሰሩ ግን «ታመዋል» ይለኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ድረ ገጽ ብቻዬን አስተዳድራለሁ። በፋሲካ ሰሞን ሰው ሲበዛ ያለን አንድ ሰርቨር ወደቀ። ስለዚህ ሰርቨር በኢንተርኔት በሚያከራየው በማይክሮሶፍት አዙር የጆሃንስበርግ ማዕከል ሁለተኛ ቨርቹዋል ማሽን ጨምሬ ከፊታቸው ደንበኞችን ለሁለቱ የሚያከፋፍል ሎድ ባላንሰር አቆምሁ። ሎድ ባላንሰሩ መጀመሪያ ሁለቱንም ታመዋል አለኝ። የእያንዳንዱን አድራሻ ራሴ ስጽፍ ግን የደህንነት ማስጠንቀቂያውን ካለፍሁ በኋላ ገጹ ይከፈታል። ሎድ ባላንሰሩ ማሽኖቹን የሚፈትሽበትን የጤና ምርመራ ገጽ ከሚጠይቀው ኤችቲቲፒ ወደ ቲሲፒ ስቀይረው ሁለቱም «ዳኑ»። አሁን ደግሞ ደንበኞች ወንበር መርጠው ወደ ክፍያ ሲሄዱ «እንደገና ይግቡ» ይባላሉ። አንዳንዶቹም 502 የሚል ገጽ ይመጣባቸዋል። እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን ጻፉልኝ። ከደብዳቤዎ ውስጥ ችግሩን የነገረችኝ «ማስጠንቀቂያውን ካለፍሁ በኋላ» የምትለዋ ሐረግ ናት። አድራሻውን በኤችቲቲፒ ጽፈው የሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያ ከመጣብዎት፣ ማሽኑ ገጹን ወዲያው አልሰጠዎትም፤ «በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በተመሰጠረው መንገድ በኩል ይግቡ» ብሎ መልሶዎታል። የዚህ መልስ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 301 ነው። ብራውዘርዎ ምንም ሳይነግርዎ ወደተጠቆመው በር ሄደ። የአዙር ሎድ ባላንሰር መርማሪ ግን ተከትሎ አይሄድም። «ሁሉ ደህና ነው» ማለት የሆነውን 200 የሚለውን ቁጥር ካልሰማ ማሽኑን ከሰልፍ ያወጣዋል።

ይህን የማውቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሥራ ይህንኑ ሳዘጋጅ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የፋየርዎል ደንቦችን ሳገላብጥ ቆየሁ። መፍትሔው የተገኘው ማሽኑ ውስጥ ገብቼ የዌብ ሰርቨሩን መዝገብ ሳነብ ነው፦ ከ168.63.129.16 የመጡ ጥያቄዎች በየጥቂት ሰከንዱ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዳቸው አጠገብ 301 ተጽፏል። ያ የአይፒ አድራሻ የአዙር መርማሪ የሚመጣበት ነው። እርስዎም መዝገቡን ከፍተው ይህን ቁጥር ይፈልጉ።

ወደ ቲሲፒ ሲቀይሩ ማሽኖቹ የዳኑ የመሰለዎት ፈተናው ስለቀለለ ነው። ቲሲፒ የሚጠይቀው በሩ ክፍት መሆኑን ብቻ ነው። ጥያቄዎችን ከፊት የሚቀበለው ዌብ ሰርቨር፣ ኤንጂንኤክስ፣ በሩን ከፍቶ ተቀምጦ፣ ከኋላው ያለው የትኬት ፕሮግራም ሲወድቅ ደንበኛው 502 ያያል። ተራ አስከባሪ የታክሲውን መቆም ብቻ አይቶ ተሳፋሪ ቢሞላበትና ሹፌሩ ባይኖር እንደማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ኤችቲቲፒ ይመለሱ፤ ነገር ግን የፊት ገጹን አያስመርምሩ። ለምርመራ ብቻ የምታገለግል ትንሽ ገጽ ይሥሩ። መልሷን የሚሰጠው ራሱ የትኬት ፕሮግራሙ ይሁን፤ ኤንጂንኤክስ ብቻውን እንዳይመልስላት። ወደ ኤችቲቲፒኤስ ከሚመልሰው ደንብም ነጻ ያድርጓትና 200 ትመልስ። መርማሪው በየ5 ሰከንዱ ይጠይቃት። ዳታቤዙንም ትፈትሽ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። የሁለቱም ማሽኖች ዳታቤዝ አንድ ነውና፣ እሱ ለጥቂት ሰከንዶች ቢዘገይ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ታመዋል ተብለው ይወጣሉ። ያን ጊዜ «ጥቂት ይታገሡ» የሚል ገጽ እንኳ የሚያሳይ አይኖርም።

«እንደገና ይግቡ» ወደሚለው ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የአዙር ሎድ ባላንሰር ሲጀመር አምስት ነገሮችን አይቶ ያከፋፍላል፦ የላኪውን አድራሻና ፖርት (የበር ቁጥር)፣ የተቀባዩን አድራሻና ፖርት፣ እንዲሁም ፕሮቶኮሉን (የመገናኛ ደንቡን)። የደንበኛው ብራውዘር አዲስ ግንኙነት ሲከፍት የላኪው ፖርት ይቀየራል። ያኔ ወደ ሌላኛው ማሽን ሊጣል ይችላል። ያ ማሽን ደግሞ ሰውየውን አያውቀውም፤ የመግቢያ መረጃው የመጀመሪያው ማሽን ላይ ነው የቀረው።

ከአንድ አድራሻ የመጣውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ማሽን የሚልክ ምርጫ ስላለ እሱን ይጫኑ የሚልዎ ሰው አይጠፋም። ለእርስዎ ግን አይሆንም። በስልክ ኢንተርኔት የሚገቡ ብዙ ደንበኞች ከውጭ ሲታዩ አንድ የአይፒ አድራሻ ይጋራሉ። በበዓል ዋዜማ ያ ሁሉ ሕዝብ አንዱ ማሽን ላይ ተከምሮ ሌላው ሥራ ፈት ሆኖ ሊቆም ይችላል። የመግቢያ መረጃውን ከማሽኖቹ አውጥተው ሁለቱም የሚያዩት ቦታ ያስቀምጡ። ለዚህ ሬዲስ የሚባለው ፈጣን የመረጃ ማከማቻ ጥሩ ነው፤ ለሁለት ማሽን ግን አሁን ባለዎት ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል።

እባክዎ የወንበር መያዣውንም አብረው ይመልከቱ። ደንበኛው እስኪከፍል ድረስ ወንበሩ የሚያዝለት በማሽኑ ሜሞሪ ውስጥ ከሆነ፣ አንደኛው ማሽን 14 ቁጥርን ለአንድ እናት ይዞ ሳለ ሌላኛው ለሌላ ሰው ይሸጠዋል። ከዚያ ልጅና ጓዝ ይዛ ንጋት ላይ መናኸሪያ የደረሰች ሴት ወንበሯ ላይ ሰው ተቀምጦ ታገኛለች። መያዣው ዳታቤዝ ውስጥ ይሁን፤ አንድ ጉዞና አንድ ወንበር ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብም ዳታቤዙ ራሱ ይከልክል። ሌላውን ሁሉ ቢያቆዩት እንኳ ይህን ሳያስተካክሉ አይደሩ።

የቀረው አጭር ነው። ይህ ሎድ ባላንሰር የደንበኛውን አድራሻ ሳይቀይር ስለሚያሳልፍ፣ የኔትወርክ ደህንነት ደንብዎ ፖርት 80ን እና 443ን ከኢንተርኔት ለሚመጣ ሁሉ መክፈት አለበት። ሰርተፍኬቱ ሁለቱም ማሽኖች ላይ ይኑር። ማሽኖቹ ለየራሳቸው ያላቸውን የኢንተርኔት አድራሻ ሊያነሡ ካሰቡ ደግሞ አስቀድመው ሁለቱም ወደ ኢንተርኔት የሚወጡበትን የጋራ መውጫ፣ ናት ጌትዌይ፣ ያቁሙ። የክፍያ አገልግሎት ሰጪዎ ከተመዘገበ አድራሻ የሚመጣ ጥያቄ ብቻ የሚቀበል ከሆነም አዲሱን አድራሻ መዝግቡልኝ ይበሉ፤ ያለዚያ ወንበር ይመረጣል፣ ክፍያ ግን አያልፍም።

ይህን ሁሉ ሲጨርሱ ገዢ በማይበዛበት ሌሊት ይፈትኑት። በስልክዎ ገብተው ወንበር ይምረጡ። ክፍያው ገጽ ላይ ሲደርሱ በአንደኛው ማሽን ላይ የትኬት ፕሮግራሙን ብቻ ያቁሙ፤ ኤንጂንኤክስን አይንኩ። ጥቂት ደቂቃዎች ጠብቀው ክፍያውን ይቀጥሉ። ትኬቱ ከወጣልዎ ያንን አስነሥተው፣ ሌላኛውን አቁመው ይድገሙት።