የጥያቄዎ መልስ፦ ጀልባ፣ ደብተርና ትልልቆቹ ወደቦች

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ጣና ሐይቅ ላይ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰው የምናመላልስ የሞተር ጀልባ ማኅበር አባል ነኝ። ዘንድሮ የመሳፈሪያውን ሥራ እንድመራ ተመርጫለሁ። ስለ ወደብ አስተዳደር፣ ስለ ጸጥታና ስለ አካባቢ ጥበቃ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የማገኘው ሁሉ ስለ ክሬንና ኮንቴይነር ነው። የኛ ወደብ ደግሞ አንዲት ትኬት መቁረጫና የድንጋይ መውረጃ ናት። ለኛ የሚሆን ነገር አለ ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?

መልስ፦ አለ ወንድሜ። ክሬኑን ዝለለውና ጥያቄዎቹን ውሰድ። የትልልቅ ወደቦች መመሪያ ሁሉ ሲጨመቅ ማን ገባ፣ ምን ተጫነ፣ የት ተቀመጠ፣ ተጠያቂው ማን ነው የሚል ነው። እነዚህን ለመመለስ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃሃል።

ከደብተሩ ጀምር። ጀልባ ከመነሳቱ በፊት የነጂው ስም፣ የተሳፋሪው ቁጥር፣ ጭነቱ፣ መድረሻው፣ የተነሳበትና ይደርሳል የተባለበት ሰዓት ይጻፍ። በእናቱ የታቀፈ ሕፃንም ይቆጠር፤ ትኬት ስላልተቆረጠለት ብዙ ቦታ ሳይመዘገብ ያልፋልና። ደብተሩ የብስ ላይ ይቅር፣ ጀልባው ላይ ከሄደማ ጀልባው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሰዓቱ ሲያልፍ ስልክ የሚደውል፣ መልስ ካጣም ፈላጊ ጀልባ የሚያስነሳ አንድ ሰው በስም ይመደብ። «ሁላችንም እንከታተላለን» ከተባለ ማንም አይከታተልም፣ ታውቀዋለህ።

ጭነት ላይ ነጂዎችህ ይከራከሩሃል፣ በተለይ የበዓል ሰሞን። እንግሊዞችም ተከራክረዋል። ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የፓርላማ አባል ባለመርከቦችን ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ1876 በመርከብ ጎን ላይ የጭነት ልክ የሚያሳይ ምልክት እንዲቀባ የሚያስገድድ ሕግ አስወጣ። ውሃው ምልክቱን ከሸፈነ ከልክ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ጀልባ እንዲህ ያለ መስመር ይቀባ። ልኩን ግን በግምት እንዳታወጡት፣ የጀልባ ሥራ የሚያውቅ መሐንዲስ ይለካው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ማዕበሉ ሲመጣ ጠዋት የበቃው ከፍታ አይበቃምና። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ካንተ ጋር መሆኑ ይቀራል፣ ከቀለሙ ጋር ነው።

ስለ ጸጥታ ብዙ አልልህም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2004 ጀምሮ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የመርከብና የወደብ ጸጥታ ደንብ አገር አቋርጠው ለሚጓዙ መርከቦች የወጣ ስለሆነ አንተን አይመለከትህም። ሁለት ነገሩን ግን ዋስ ሳትጠራ ልትበደረው ትችላለህ፦ የጸጥታ ኃላፊው አንድ የታወቀ ሰው ነው፣ ሠራተኛ ብቻ የሚገባበት ቦታም ተለይቶ ይታጠራል። የናፍታና የቤንዚን ጄሪካን የምታስቀምጡበትን ቦታ ከዚያ ጀምር፤ ተሳፋሪ ከሚጠብቅበትና ሲጋራ ከሚጨስበት ይራቅ። ቤይሩት ወደብ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 የፈነዳው 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ሊፈነዳ የሚችል ኬሚካል መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ ባለሥልጣናቱ ያውቁ ነበር፣ የሚያነሳው ግን ጠፋ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

አሁን ወደ ሐይቁ። ማርፖል የሚባለው ስምምነት መርከቦች ዘይትና ቆሻሻ ውሃ ላይ እንዳይደፉ ሲገድብ፣ ወደቦች ደግሞ መቀበያ እንዲያዘጋጁ ግዴታ ይጥላል። ይቺ ሁለተኛዋ ናት የምትረሳው። ነጂው የተቃጠለ ዘይት የሚያራግፍበት በርሜል መሳፈሪያው ላይ ካላገኘ የት ይድፋው? ክዳን ያለው በርሜል አስቀምጡ፣ ከከተማ ጋራዦች ጋርም ማን እንደሚወስደው ተነጋገሩ። ሃይላንድና ፌስታል የሚጣልበትም ከመውረጃው አጠገብ ይሁን፤ ሃምሳ እርምጃ ተራምዶ ቆሻሻ የሚጥል ቱሪስትም የአገር ሰውም እስካሁን አላየሁም።

እምቦጭን ከሌላው ሁሉ ለይቼ አነሳዋለሁ። ጣና ላይ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ ይበልጥ የተጠቃውም ሰሜንና ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው። የውቅያኖስ መርከቦች ሚዛን መጠበቂያ ውሃ ይዘው ሲዞሩ ባዕድ ፍጥረት ከወደብ ወደብ እያዛመቱ ስላስቸገሩ፣ ይህን የሚቆጣጠር ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። የናንተ ጀልባ እንዲህ ያለ ውሃ አይጭንም፣ ግን ሥሩ በሞተሩ ምላስ ላይ የተጠመጠመ እምቦጭ ይዞ ይመጣል። ቁራጯ ብቻዋን ትበዛለች። ስለዚህ ከሰሜኑ ዳርቻ፣ ከጎርጎራ በኩል የመጣ ጀልባ መውረጃው ላይ ሞተሩ ተነስቶ ይታይ፣ የተገኘው ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ይድረቅ እንጂ ተመልሶ ውሃ አይግባ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ የመልህቁን ጭቃም መልህቁ ከተነሳበት ቦታ ላይ አጥቡ፣ ጭቃው እዚያው ይቅር።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የውሃውን ከፍታ ጻፍ። እ.ኤ.አ. በ2003 የጣና ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር። መውረጃው ድንጋይ ላይ የሜትር ምልክት ቅባና በየሳምንቱ አንብብ። ለጥገና ብር ስትጠይቅ የምታሳየው ነገር ይኖርሃል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር የሎጂስቲክስ ተማሪ ነኝ። ስለ ወደብ አስተዳደር በነጻ የምማርበት አለ? ባሕር ለሌለው አገር ሰውስ ምን ይሠራልኛል?

መልስ፦ አለ እህቴ። የዓለም ባንክ የወደብ ማሻሻያ መመሪያ በነጻ ይወርዳል። ወፍራም ነው፣ መንግሥትና የግል ኩባንያ ወደብን እንዴት እንደሚከፋፈሉ ከሚያወራው ክፍል ጀምሪ፣ ሌላው ይደርሳል። የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ወደብ ሠራተኞች ደህንነት ያወጣቸው መመሪያዎችም በነጻ ይገኛሉ። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ድርጅትም የወደብ ሥልጠና ይሰጣል፣ ነገር ግን ለወደብ ሠራተኞች ስለሆነ ብቻሽን ብታመለክቺ አይሆንም።

ባሕር የለንም ላልሽው፣ የገቢና የወጪ ንግዳችን አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ነው የሚያልፈው፣ ወጪው ግን ከኛ ኪስ ነው። ባሕር በሌለበት ጭነት የሚራገፍበት የሞጆ ደረቅ ወደብም አለልሽ። ለልምምድ ማመልከቻሽን እዚያ አስገቢ፤ እስኪፈቀድልሽ ድረስ ከላይ የጠየቀው ወንድምሽ ጋ ሄደሽ ደብተሩን አስጀምሪው።